መልስ፦ ለቶማሃውክ ረጅም ዛቢያ ይሻላል ወይስ አጭር?

ወንድሜ፣ ለቶማሃውክ፣ ማለትም በአንድ እጅ ለሚያዘው ቀላል መጥረቢያ፣ ለፍልሚያ ልምምድ ባለ 35 ሴንቲሜትር ዛቢያ ልግዛ ወይስ ባለ 50 ብለህ ጠይቀሃል። ለጀማሪ ባለ 50ውን እመርጣለሁ።

ምክንያቱ አያያዙ ነው። ረጅሙን ከጫፉ ስትይዘው ርቀት ይሰጥሃል። ተጋጣሚህ ሲጠጋህ እጅህን ወደ ብረቱ ከፍ ታደርጋለህ፤ ያኔ እንደ አጭር ይሠራልሃል። አጭሩን ግን ማስረዘም አትችልም።

የረጅሙ ችግር መመለሱ ላይ ነው። ክብደቱ ያለው ብረቱ ላይ ስለሆነ፣ ከሳትክ ይዞህ ይሄዳል። ጎንህ ክፍት ይቀራል። ስለዚህ እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው በሙሉ ኃይል አትሰንዝር። አጠር አድርገህ ሰንዝር፣ ወዲያው ወደ ራስህ ሳብ። ስትስብ ደግሞ የስለቱ የታችኛው ጥግ መንጠቆ ይሆንልሃል፤ የተጋጣሚህን ክንድ ወይም መሣሪያ ጠልፎ ያወርደዋል። ብዙ ሰው ይህን ይረሳል እንጂ፣ ለእኔ የቶማሃውክ ውበቱ እዚህ ጋ ነው።

አጭሩ ጠባብ ቦታ ላይ ያዋጣል፤ ቀበቶ ላይ ለመያዝም ይቀላል። የሰሜን አሜሪካ ነባር ሕዝቦች መሣሪያ ከሆነ በኋላ ወታደሮችም የወደዱት ለዚህ ይመስለኛል። በቅኝ ግዛት ዘመን ሰሜን አሜሪካ የጦር መሪ የነበረው ሮበርት ሮጀርስ በ1757 እ.ኤ.አ. ሬንጀር ለሚባሉት የጫካ ተዋጊዎቹ ባወጣው ደንብ፣ እያንዳንዱ ሰው በየምሽቱ ስም ጥሪ ላይ ጠመንጃ፣ 60 ተኩስ የሚሆን ባሩድና አረር፣ እንዲሁም ፋስ ይዞ እንዲቀርብ አዟል።

አደራህን፣ ከሰው ጋር ስትለማመድ ከላስቲክ የተሠራ ቶማሃውክ ተጠቀም። የፊት መከላከያና ወፍራም ጓንትም አድርግ። ጣት ቶሎ ይሰበራል።