ጥያቄና መልስ፦ በወንዝ ዳር ያሉ የኖራ ድንጋይ ገንዳዎች እንዴት ይጠበቁ?

የደሴና የኮምቦልቻ የእግር ተጓዦች ለክረምት መውጫ ጉዞ ስትዘጋጁ ስለነዚህ፣ የወንዝ ውሃ ከሚጥለው ኖራ ጠርዝ እየሠራ ስለሚፈጥራቸው የተፈጥሮ ገንዳዎች ብዙ ጠይቃችሁኛል። እነሆ መልሱ።

ጥ፦ ጋሼ፣ ቦርከና ወንዝ ላይ እንዲህ ያለ ገንዳ ለምን አናይም?
መ፦ የኛ ዙሪያ፣ የጦሳ ተራራም ጭምር፣ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ጥቁር ድንጋይ ነው። በአገራችን የኖራ ድንጋይ በብዛት ያለው በዓባይ ሸለቆ፣ በመቀሌ ዙሪያና ባሌ ውስጥ ሶፍ ዑመር አካባቢ ነው።

ጥ፦ ድንጋይ አይደል እንዴ? በባዶ እግር ቢረገጥ ምን ይሆናል?
መ፦ ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ዝናቡ አፈር ውስጥ ሲሰርግ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል፤ በዚያ ኃይል ኖራውን ያሟሟል። ውሃው ወደ ውጭ ወጥቶ ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ ሲወርድ ጋዙ ያመልጣል። ያኔ ኖራው ውሃ ውስጥ በሚበቅለው አረንጓዴ አልጌ፣ በቅጠሉና በስሩ ላይ እየተለበጠ ይቀራል። የገንዳው ጠርዝ የሚያድገው እንዲህ ነው። አዲሱ ልባስ ቀዳዳ የበዛበትና ተሰባሪ ነው፤ ጫማ ይብስበታል፣ ባዶ እግርም ብዙ ሰው ከተመላለሰ ያፈርሰዋል። ጠርዙ አንድ ቦታ ከተሸረፈ ደግሞ ውሃው ሁሉ በዚያ በኩል ይሄዳል። የቀረው ይደርቅና ማደጉን ያቆማል። እኔን የሚያሳስበኝ ከስብራቱ ይልቅ ይሄ ነው።

ጥ፦ ልብስ ብናጥብበትስ?
መ፦ በፍጹም! አንዳንድ የዱቄት ሳሙና ፎስፌት የሚባል ንጥረ ነገር አለው። ፎስፌት ኖራው እንዳይረጋ ያግደዋል፣ አልጌውንም ከልክ በላይ ያበዛዋል። ውሃ ቀድታችሁ ራቅ ብላችሁ እጠቡ፤ እጣቢውን አፈር ላይ ድፉት።

ጥ፦ የተሰበረውን በሲሚንቶ ብንጠግነው?
መ፦ አሳባችሁ ቅን ነው፣ ግን ተዉት። ውሃው ይመለስለት፣ እግር ይራቅለት፤ ቀስ እያለ ራሱ ይሠራዋል።

ጥ፦ ሌላ አገር ምን አደረጉ?
መ፦ የክሮኤሺያው ፕሊትቪሴ፣ እንዲህ ያለ የኖራ ጠርዝ የገደባቸው ሐይቆች ያሉበት ፓርክ፣ ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ መዝገብ ላይ ነው። ሐይቆቹ ውስጥ መዋኘት ክልክል ነው፤ ሰው የሚሄደው ከውሃው ከፍ ብሎ በተሠራ የእንጨት መንገድ ላይ ነው። ቱርክ ውስጥ ፓሙካሌ በሚባለው ቦታ ላይ ሆቴሎች ተሠርተው፣ ኖራ በለበጠው ነጭ ቁልቁለትም የመኪና መንገድ ወጥቶ ነበር። ኋላ ሆቴሎቹን አፈረሱ። ዛሬ ጎብኚው ጫማውን አውልቆ በተፈቀደለት መስመር ብቻ ያልፋል።

ጥ፦ የእንጨት መንገድ ውድ ነው። ሰሌዳ ብቻ አይበቃም?
መ፦ አይበቃም። አብሽሩ፣ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ነገር አለ። መሻገሪያውን አንድ ቦታ ብቻ አድርጉት፤ ሌላውን በእሾህ አጥር ዝጉ። የሰፈሩ ወጣቶች በአስጎብኚነት እየተከፈላቸው ይቁሙበት። መዋኘት ለሚወድም ከታች፣ ልባስ ከሌለበት በኩል፣ አንድ ቦታ ለዩለት።