መልስ፦ ላፕቶፕ ላይ ያለው ዘፈን ፍላሽ ላይ ሲገለበጥ ድምፁ ይቀየራል ወይ?

አይቀየርም። ደሴ ላፕቶፕህ ላይ ጥርት ያለው ዘፈን ኮምቦልቻ ስትወርድ መኪና ውስጥ ከታፈነ፣ መጀመሪያ የቴፑን ኢኳላይዘር (የወፍራምና የቀጭን ድምፅ ማስተካከያውን) ዜሮ ላይ መልሰው። ጣጣው እዚያ ሊሆን ይችላል።

አሁንም ፋይሉን ከጠረጠርክ፦
1. ሰቨን ዚፕ (7-Zip) የሚባለውን ፕሮግራም ጭነህ በሁለቱም ፋይሎች ላይ ራይት ክሊክ አድርግና ሻ-256 (SHA-256) የሚባለውን የፋይሉን መለያ ኮድ አውጣ። ኮዱ አንድ ከሆነ ፋይሉም አንድ ነው።
2. ከተለያየ መጠኑን እይ፤ በጣም ካነሰ ጥራቱ የወረደ ቅጂ ሊሆን ይችላል። የ4 ደቂቃ ኤምፒስሪ በሰከንድ 320 ኪሎቢት ሲሆን 9.6 ሜጋባይት ገደማ፣ በ128 ደግሞ 3.8 ገደማ ነው። መጠኑ ተቀራራቢ ከሆነ የዘፋኙ ስም ወይም የሽፋኑ ፎቶ ተነክቶ ይሆናል፤ ይሄ ድምፁን አይነካም።

ስታወዳድር ቮልዩሙን እኩል አድርግ፤ ትንሽ ከፍ ያለው ብዙ ጊዜ የተሻለ ይመስላል።

ፒያሳ ዘፈን ስታስጭን ግን «320 ነው» ስላሉህ ብቻ አትመን። ከ128 ወደ 320 የተቀየረ ፋይል መጠኑ ያብጣል እንጂ የጠፋው ድምፅ አይመለስም።