መልስ፦ ብርሃኑ ሲቀነስ የሚርገበገብ የመድረክ መብራት

ችግሩ ያለው በኮድዎ ላይ ሳይሆን በገዙት ኦፕቶካፕለር (የመቆጣጠሪያውን ትእዛዝ በብርሃን ወደ ኃይል መስመሩ የሚያሻግር ቺፕ) ላይ ነው። በአርዱዪኖ (በፕሮግራም በሚታዘዝ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ) በሠሩት ባለ አራት ቻናል መቆጣጠሪያ አምፖሎቹ በትክክል እየበሩና እየጠፉ፣ ብርሃናቸው ሲቀነስ ብቻ የሚርገበገቡት፣ የተጠቀሙበት ኤምኦሲ 3041 ኦፕቶካፕለር ትራያኩን (ኤሌክትሪኩን ወደ አምፖሉ የሚያሳልፈውን ማብሪያ) የሚያስነሳው ቮልቴጁ ወደ ዜሮ ሲቃረብ ብቻ በመሆኑ ነው፤ በሞገዱ መካከል ትእዛዝ ቢደርሰው አይቀበልም፤ ብርሃን የሚቀነሰው ደግሞ ትራያኩን በሞገዱ መካከል ዘግይቶ በማስነሳት ነው። በኤምኦሲ 3021 ይተኩት። የእግሮቹ አቀማመጥ አንድ ዓይነት ስለሆነ ቦርዱን እንደገና መሥራት አያስፈልግዎትም። ሲቀይሩ ግን ሶኬቱን ይንቀሉ።

ቀጥሎ የማስነሻውን ሰዓት ያስተካክሉ። የእኛ ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ አንዱ ግማሽ ሞገድ 10 ሚሊሰከንድ ይወስዳል፤ የማስነሻው ምት (ትራያኩን የሚያስነሳው አጭር ትእዛዝ) ወደ 10 ሚሊሰከንድ እጅግ ተጠግቶ ከዘገየ ወደሚቀጥለው ግማሽ ሞገድ ይሻገርና አምፖሉን በሙሉ ኃይል ብልጭ ያደርገዋል፤ ስለዚህ ከ9 ሚሊሰከንድ በላይ አይሂዱ። (ይህ ሁሉ የሚሠራው ለባለ ክር አምፖል ነው፤ ብርሃኑ እንዲቀነስ ያልተሠራ ኤልኢዲ አምፖል ምንም ቢያደርጉ መርገብገቡን አይተውም።)

አንድ ነገር ይጠንቀቁ። እዚህ ጅማ በአንድ የሙዚቃ ምሽት መብራት ጠፍቶ ወደ ጄኔሬተር ስንዞር፣ ቤዙ በጮኸ ቁጥር የሞተሩ ፍጥነት ይዋዥቅ ስለነበር፣ 10 ሚሊሰከንድን እንደ ቋሚ ቁጥር የጻፍኩበት ኮድ መድረኩን በሙሉ ሲያርገበግበው አመሸ። ስለዚህ በሁለት የዜሮ መሻገሪያዎች (ቮልቴጁ ዜሮን በሚያልፍባቸው ቅጽበቶች) መካከል ያለውን ጊዜ ፕሮግራሙ ራሱ በየጊዜው እየለካ፣ መዘግየቱን ከዚያ ልኬት በመቶኛ እንዲያሰላ አድርገው ይጻፉት።