ሎስ አንጀለስ ዙሪያ ሁሉ ነገር «ሳን» እና «ሳንታ» የሆነው ለምንድነው?

ሰላም እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። «የማነበው ምልክት ሁሉ ሳን፣ ሳንታ፣ ላ፣ ኤል ነው። ስሙን ያወጡት ሜክሲኮዎች ናቸው ወይስ እስፔኖች?» ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ በዚህ ከተማ በታክሲም በኡበርም ብዙ ዘመን ዞሬያለሁ፤ ከተሳፋሪም ከንባብም የያዝኩትን ልንገርሽ።

እስፔን ጀመረችው፣ ሜክሲኮ ቀጠለችበት፣ አሜሪካኖች ደግሞ ከራሳቸው ጨመሩበት። ይሄን የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይዘለዋል።

«ሳን» ማለት ያው ቅዱስ ነው። እኛም «ዑራኤል ጋ አውርደኝ» ስንል ነው የኖርነው። ልዩነቱ፣ እኛ ሰፈሩን የምንጠራው እዚያ ባለው ቤተ ክርስቲያን ነው፤ እስፔኖች ግን የበዓል ቀን እያዩ ነበር የሚሰይሙት። ለእስፔን ይጓዝ የነበረው መርከበኛ ካብሪዮ በፈረንጆች 1542 ዛሬ ሳንዲያጎ የምንለው ወደብ የደረሰው በቅዱስ ሚካኤል በዓላቸው ዋዜማ ነው፤ ስለዚህ ሳን ሚጌል አለው። በ1602 ቪዝካይኖ የሚባል እስፔናዊ መጣ። ጊዜው የሳን ዲያጎ በዓል ሰሞን ነበር፣ መርከቡም ሳን ዲያጎ ትባል ነበር። በቃ፣ ሚካኤል ተነሳ! ኩሜያይ የሚባሉትን የአገሩን ሰዎች የጠየቃቸው የለም።

ሎስ አንጀለስም እንደዚሁ ነው። በ1769 ያለፉት ተጓዦች ወንዙን በእመቤታችን፣ በመላእክት ንግሥት ስም ጠሩት። በ1781 መንደሩ ሲቆረቆር ስሙን ከዚያው ወሰደ። ዛሬ ከዚያ ሁሉ የቀረው «መላእክት» ብቻ ነው፤ ንግሥቲቱ ተቆርጣ ቀርታለች።

የነባሮቹ ስም ግን ጨርሶ አልጠፋም። ማሊቡ ከቹማሽ ቋንቋ የመጣ ነው። ቶፓንጋና ካዌንጋም የነባሮቹ ናቸው፤ እስፔኖች በራሳቸው አጻጻፍ ስለጻፏቸው እስፓኒሽ ይመስላሉ እንጂ።

መንገዶቹ ደግሞ ብዙዎቹ የሰው ስም ናቸው። ፌርፋክስ ላይ ካለው ሊትል ኢትዮጵያ ትንሽ ወደ ደቡብ ብትወርጂ ፒኮ የሚባለውን መንገድ ታገኛለሽ። ፒዮ ፒኮ አሜሪካ ካሊፎርኒያን ከመውሰዷ በፊት በሜክሲኮ ስር የካሊፎርኒያ የመጨረሻው ገዥ ነበር። የአፍሪካ ዘርም ነበረበት። እንጀራ ልንበላ ስንሄድ በየጊዜው የምናቋርጠው መንገድ የሱ ነው፤ ማን እንደሆነ የሚያውቅ ግን ብዙ አላጋጠመኝም።

አሜሪካኖች በ1848 ካሊፎርኒያን ከያዙ በኋላ ስሞቹን ያልቀየሩበት አንዱ ምክንያት የመሬት ወረቀቱ ሁሉ በነዚያ ስሞች ስለነበረ ነው። ቆይቶ ደግሞ እስፓኒሽ ስም ቤትና ቦታ ለመሸጥ ተመቻቸው። ማር ቪስታ የሚባለውን ሰፈር ተመልከቺ፤ «የባህር እይታ» ለማለት ተፈልጎ ነው፣ ግን እስፓኒሽ ተናጋሪ እንደዚያ አይልም። ከኤርፖርቱ አጠገብ ያለው ኤል ሴጉንዶ ይብሳል። «ሁለተኛው» ማለት ነው። ቅዱስም ንጉሥም የለበትም፤ ስታንዳርድ ኦይል የሚባለው ኩባንያ በ1911 በካሊፎርኒያ ሁለተኛውን የነዳጅ ማጣሪያ እዚያ ስለተከለ ነው።

አጠራሩን በተመለከተ፣ እስፓኒሽ የተማርሽ ከሆነ ለጊዜው እርሺው። የሎስ አንጀለስ ወደብ ያለበትን ሳን ፔድሮን የሰፈሩ ሰው «ሳን ፒድሮ» ነው የሚለው፤ «ፔድሮ» ካልሽ አዲስ መሆንሽን ወዲያው ያውቁብሻል። ሎስ ፌሊዝ የሚባለውም ሰፈር «ሎስ ፊሊስ» ነው። የሜክሲኮ ተሳፋሪ ሲገጥምሽ ደግሞ በትክክሉ በይለት፣ ደስ ይለዋል።