በ«ዚስ ኢዝ አሜሪካ» ክሊፕ ውስጥ ጭፈራው ለምን አስፈለገ?

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። «ሰው እየተገደለ ዘፋኙ የሚጨፍረው ለምንድን ነው? በሞት ማላገጥ አይሆንም ወይ?» ብለው ለጠየቁት የበኩሌን ልመልስ። በእኔ ግምት ጭፈራው የተመልካቹን ዓይን ለመያዝ ሆን ተብሎ የተዘረጋ ወጥመድ ነው። አሜሪካዊው ዘፋኝ ቻይልዲሽ ጋምቢኖ በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣውና ሂሮ ሙራይ ባዘጋጀው በዚህ ክሊፕ፣ ካሜራው ዘፋኙንና የደንብ ልብስ የለበሱትን ተማሪዎች በሰፊ መጋዘን ውስጥ ሲከተል ከኋላቸው ሰዎች ይሯሯጣሉ፣ ሁከቱ ይጋጋላል፣ ነጭ ፈረስ የጋለበ ሰውም ያልፋል፤ ለመሆኑ መጀመሪያ ስናየው ፈረሱን ያስተዋልን ስንቶቻችን ነን?

ከሁሉም ይልቅ እኔን የያዘኝ ዘፋኙ ራሱ ሰው ተኩሶ ከገደለ በኋላ የሚሆነው ነው። ሽጉጡን አንድ ልጅ በቀይ ጨርቅ ተቀብሎ እንደ ውድ ዕቃ ተጠንቅቆ ይወስደዋል፤ የሟቹ አስከሬን ግን መሬት ለመሬት ይጎተታል። ለመሣሪያ የሚሰጠው ክብር ለሰው ሕይወት ከሚሰጠው እንደሚበልጥ፣ አንድም ቃል ሳይነገር፣ በዚህች ቅጽበት ታይቷል። በክሊፑ ውስጥ መዘምራን የሚገደሉበት ትዕይንትም በ2015 እ.ኤ.አ. በአሜሪካዋ ቻርልስተን ከተማ ባለ ቤተ ክርስቲያን 9 ጥቁር ምእመናን የተገደሉበትን ጥቃት ብዙዎችን አስታውሷል። ዘፋኙ ሲተኩስ ወገቡን ሰብሮ የሚቆምበት አኳኋን ደግሞ ጥቁሮችን ለማዋረድ ይሣል ከነበረው፣ ጂም ክሮው ከተባለው ገጸ ባሕርይ ሥዕል ጋር በእጅጉ ይመሳሰላል፤ ስለዚህ ጭፈራውን እንደ ተራ ደስታ መግለጫ ማየት ያስቸግራል።

ክሊፑን እንደገና ሲያዩት ድምፁን አጥፍተው፣ ዘፋኙን ትተው ከበስተኋላው ያለውን ብቻ እንዲከታተሉ እመክራለሁ።