የጣሪያ ፋን ልትሰቅሉ ነው? ጠይቁኝ

ሙያዬ የኤሌክትሪክ ሥራ ነው። ሙቀቱ ሲጀምር «ፋን ልሰቅል ነው፣ ምን ልጠንቀቅ?» የሚለኝ ሰው ይበዛል። ስለዚህ ዛሬ እንደልባችሁ ጠይቁ፣ የምችለውን እመልሳለሁ። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ልበል። ብዙ ሰው የሚፈራው ሽቦውን ነው። መፍራቱ ጥሩ ነው። እኔን ግን እኩል የሚያሳስበኝ ማንጠልጠያው ነው። ሽቦ ሲነካካ ብዙ ጊዜ ብሬከር ይወርዳል። ለሚወድቅ ፋን ግን ብሬከር የለም።

ጥያቄ፦ ሳሎን መሃል አምፖል አለ። እሱን አውርጄ እዚያው ላይ ፋን ብሰቅልስ? ሽቦውም ስካቶላውም (ጣሪያው ላይ ያለው የሽቦ ሳጥን) ዝግጁ ነው።

መልስ፦ ሽቦው ያገለግልሃል። ስካቶላው ግን አይሆንህም። የመብራት ስካቶላ የሚሠራው ዝም ብሎ ለሚንጠለጠል ቀላል ነገር ነው። ተራው ፋን ከ4 እስከ 6 ኪሎ ይመዝናል፤ መብራት ያለው ጌጠኛው ደግሞ ከ10 ኪሎ ሊያልፍ ይችላል። ክብደቱ ብቻ ቢሆን ባልከፋ። ፋን ይንቀጠቀጣል፣ ሲነሳና ሲቆም ደግሞ ማንጠልጠያውን ይጠመዝዛል። ዛሬ ጥብቅ ያለ ብሎን ከወራት በኋላ ይላላል። ስለዚህ ክብደቱ ማረፍ ያለበት ሶሌታው (የኮንክሪት ጣሪያው) ወይም የጣሪያው ወራጅ (ጣሪያውን የሚሸከመው አግዳሚ) ላይ ነው። ለፋን ተብሎ የተሠራ፣ የሚሸከመው ኪሎ የተጻፈበት ስካቶላም አለ። እሱም ቢሆን ከበላዩ ካለው ወራጅ ጋር ካልታሰረ ዋጋ የለውም።

ጥያቄ፦ የኔ ቤት ጣሪያ ኮንክሪት ነው። በፊሸር ብሰቅለው ምን ይላል? ድሪል አለኝ፣ መብሳትም አያቅተኝም።

መልስ፦ የፕላስቲክ ፊሸሩን ግድግዳ ላይ ፎቶ ስቀይበት። ጣሪያ ላይ ጭነቱ ቀጥታ ወደ ታች ይስባል፣ ንዝረቱም ቀስ እያለ ያወጣዋል። አንቺ የሚያስፈልግሽ ሲጠብቅ ውስጥ የሚከፈተው የብረት ቡሎን ነው። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ውፍረትና ጥልቀት ጠብቀሽ ብሺ። ቀጥሎ ያለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ቀዳዳውን ማጽዳት። አቧራው ውስጥ ከቀረ ቡሎኑ የሚይዘው ኮንክሪቱን ሳይሆን ዱቄቱን ነው። በቀጭን ቱቦ ንፊው። መነጽር ማድረግ ግን እንዳትረሺ፣ ሁሉም የሚወርደው ፊትሽ ላይ ነው።

ድሪሉ መሃል ላይ ፌሮ (ኮንክሪቱ ውስጥ ያለውን ብረት) ካገኘ አትታገዪው። ትንሽ ፈቀቅ ብለሽ ሌላ ቦታ ብሺ። ገና ጥቂት እንደገባ ድንገት ጥልቅ ካለ ደግሞ ባዶ ብሎክ ውስጥ ገብተሻል ማለት ነው። እዚያ ይህ ቡሎን አይይዝም፤ በብሎኮቹ መካከል ያለውን ድፍን ኮንክሪት መፈለግ አለብሽ።

ፋኑን ከመስቀልሽ በፊት ማንጠልጠያውን ፈትኚው። የፋኑን ክብደት ብዙ እጥፍ የሚሆን የአሸዋ ከረጢት ስቀዪና ለተወሰነ ጊዜ ተዪው። ከሥሩ ማንም አይቁም። ቡሎኑ ትንሽ እንኳ ከወረደ ወይም ዙሪያው ከተሰነጠቀ ያ ቦታ ተሰርዟል።

ጥያቄ፦ የኔ ጂፕሰም ኮርኒስ ነው። ከላይ ምን እንዳለ አላውቅም።

መልስ፦ ጂፕሰምም ሆነ ችፑድ፣ ኮርኒስ ሽፋን እንጂ ተሸካሚ አይደለም። የፋኑ ዘንግ ኮርኒሱን አልፎ፣ ከላይ ካለው ወራጅ ወይም ሶሌታ ጋር መታሰር አለበት። ወራጁ ልክ በምትፈልገው ቦታ ካልገጠመህ፣ በሁለት ወራጆች መካከል ጠንካራ አግዳሚ ታስሮ ፋኑ እሱ ላይ ይሰቀላል። ለዚህ ኮርኒሱን መክፈት ሊያስፈልግ ይችላል። ያናድዳል፣ አውቃለሁ። መክፈት ካልፈለግህ የቁም ፋን ግዛ፣ የምሬን ነው።

ጥያቄ፦ ከፍታው ስንት ይሁን? ስፋቱስ?

መልስ፦ ክንፉ ከወለል ቢያንስ 2.1 ሜትር ከፍ ይበል። ይህ የመጨረሻው ዝቅተኛ ነው። ብዙ አምራቾች 2.3 ሜትር ይላሉ፣ ቦታ ካለህ እሱን ያዝ። ረጅም ሰው ሹራብ ሲያወልቅ እጁ የት እንደሚደርስ አስበው። ከግድግዳ ቢያንስ 45 ሳንቲ ሜትር ይራቅ፣ ከጣሪያው ደግሞ ከ20 እስከ 25። ጣሪያው ላይ ከተለጠፈ አየር የሚስብበት ቦታ ያጣና ድምፁ ብቻ ይቀርሃል። ለትንሽ መኝታ ክፍል 90 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ይበቃል፣ ለመካከለኛ ክፍል 120፣ ለሰፊ ሳሎን 140። ሳሎኑ ረዥምና ጠባብ ከሆነ እኔ ከአንድ ትልቅ ሁለት ትንንሽ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ሽቦ ስነካ ማብሪያ ማጥፊያውን ካጠፋሁ አይበቃም እንዴ?

መልስ፦ አይበቃም! ማብሪያው የሚያቋርጠው አንዱን ሽቦ ብቻ ነው። ቤቱን የዘረጋው ሰው ተሳስቶ በፌዙ (ኤሌክትሪኩን በሚያመጣው ሽቦ) ፋንታ ኑትራሉን (መመለሻውን) በማብሪያው አሳልፎት ከሆነ፣ አምፖሉ ይጠፋል፣ ጣሪያው ላይ ያለው ሽቦ ግን አሁንም ይይዛል። እንዲህ ያለ ቤት ብዙ አይቻለሁ። በዚያ ላይ አንድ ሰው ገብቶ በልማድ ማብሪያውን ሊጫነው ይችላል። ስለዚህ ብሬከሩን አውርድ፣ ቤት ላለ ሰው ሁሉ ንገር፣ ብሬከሩ ላይም «እንዳይነካ» ብለህ ለጥፍ።

ከዚያ በመልቲሜትር ለካ። መጀመሪያ ብሬከሩ ያልወረደ ሌላ ሶኬት ላይ ለካና መሣሪያው እንደሚሠራ እይ። ቀጥሎ የጣሪያውን ሽቦዎች እርስ በርስ ለካ፤ እያንዳንዱንም ከኧርዙ (ወደ መሬት ከሚሄደው የመከላከያ ሽቦ) ጋር። በመጨረሻ ወደዚያው ሶኬት ተመለስና እንደገና ለካ። ይህ የመጨረሻው ትርፍ ሥራ ይመስላል። ግን የመለኪያው ገመድ መሃል ላይ ተበጥሶ ቢሆንስ? የተበጠሰ ገመድም ዜሮ ነው የሚያሳየው።

ቴስተር ካቻቢቴን ብቻ አትመን። እሱ የሚበራው ጥቂት ኤሌክትሪክ በሰውነትህ አልፎ ወደ መሬት ሲሄድ ነው። ደረቅ የእንጨት መሰላል ላይ ቆመህ ወፍራም ጫማ ካደረግህ፣ ፌዝ ነክቶም ላይበራ ይችላል።

ጥያቄ፦ ከጣሪያው ሦስት ሽቦ ወጥቷል፣ ከፋኑ ደግሞ አራት። የቱን ከየቱ ጋር ላስር?

መልስ፦ አራተኛው ብዙ ጊዜ የመብራቱ ነው። የፋኑ ፌዝና የመብራቱ ፌዝ ለየብቻ ይመጣሉ። ማብሪያሽ አንድ ብቻ ከሆነ ሁለቱ አንድ ላይ ከጣሪያው ፌዝ ጋር ይታሰራሉ፤ ኑትራል ከኑትራል፣ ኧርዝ ከኧርዝ።

ቀለም አይተሽ ግን አትሥሪ። ሰማያዊ በብዙ አገር ኑትራል ነው። ለአሜሪካ ገበያ በተሠሩ ፋኖች ላይ ግን ሰማያዊው አብዛኛውን ጊዜ የመብራቱ ፌዝ ነው። ጥቁሩም እዚያ ፌዝ ነው፤ በድሮው የእንግሊዝ አሠራር ደግሞ ኑትራል ነበር። ስለዚህ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ስዕል አትጣዪው። የተጻፈበትን ቮልትም እዪ፤ ለ120 ቮልት የተሠራ ፋን 220 ላይ ከገባ ይቃጠላል።

ሽቦዎቹን ጠምዝዘሽ በናስትሮ መጠቅለል ብቻ አይበቃም። ብሎን ባለው የሽቦ ማያያዣ ይጥበቁ። ካጠበቅሽ በኋላ እያንዳንዱን ለየብቻ ሳብ አድርጊው። ከወጣ አልታሰረም ነበር።

ጥያቄ፦ ቤታችን ኧርዝ የለውም። የኧርዙን ሽቦ ከኑትራሉ ጋር ባስረውስ?

መልስ፦ በፍጹም። አንድ ቀን ኑትራሉ የሆነ ቦታ ቢቋረጥ፣ በሞተሩ በኩል የሚመጣው ኤሌክትሪክ በቀጥታ የፋኑ አካል ላይ ይወጣል። ሰንሰለት ያለው ፋን ከሆነ ደግሞ ሰንሰለቱን የሚስበው እጅ ያገኘዋል። ትክክለኛው መፍትሔ ኧርዝ ማስዘርጋት ነው። ከዚያ ጋር ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያፈተልክ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከር ቢገባ እሰየው ነው፣ ግን የኧርዝ ምትክ አይደለም።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የኔ ፋን ሲፈጥን እንደ ሰከረ ሰው ይወዛወዛል። ሌሊት ከሥሩ መተኛት ፈራሁ።

መልስ፦ እናቴ፣ እስኪታይ ድረስ ያጥፉት፤ አልጋውንም ለጊዜው ፈቀቅ ያስደርጉት። ብዙ ጊዜ በቀላሉ የሚስተካከል ነገር ነው፣ ግን በግምት መተው የለበትም። መሰላል ላይ እርስዎ እንዳይወጡ። ለሚሠራልዎ ሰው ይህን ያንብቡለት።

ብሬከሩ ወርዶ፣ ጣሪያው ጋ ያለው ቆብ ዝቅ ይደረግ። ዘንጉን ከማንጠልጠያው ጋር የሚያይዘው ቡሎን እዚያ ነው። ዳዶው መጥበቁ ይታይ። ከዳዶው ቀጥሎ በቡሎኑ ጫፍ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ቀጭን ብረት አለ፣ ኮፒሊያ ይሉታል። ሁለት እግሮቹ ወደ ውጭ መታጠፍ አለባቸው። ዳዶው ቢላላ እንኳ ቡሎኑን የሚያስቀረው እሱ ነው። ኮፒሊያው ጠፍቶ በቦታው ሚስማር ወይም ሽቦ ከተደረገ ይውጣና ትክክለኛው ይግባ። ማንጠልጠያው ጋ ያለው ጎማ አርጅቶ ከተሰነጠቀ እሱም ይቀየር።

ከላይ ያለው ደህና ከሆነ ወደ ክንፎቹ ይወረድ። የክንፎቹ ብሎኖች ሁሉ ይጥበቁ፣ አቧራውም ይጠረግ። አንዱ ክንፍ ላይ የተጋገረ አቧራ ብቻውን ሚዛን ያዛባል። ከዚያ ሜትር ይዞ ከአንዱ ክንፍ ጫፍ እስከ ጣሪያው ይለካ። ሰውየው ቦታውን ሳይቀይር፣ ክንፎቹን በእጁ እያዞረ ሁሉንም እዚያው ነጥብ ላይ ይለካቸው። ልዩነታቸው ከ3 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ ያልተስተካከለው ክንፍ መያዣው ላይ በደንብ አልተቀመጠም ወይም መያዣው ታጥፏል። ሁሉም እኩል ሆኖ አሁንም ከተወዛወዘ ሁለት ጎን ለጎን ያሉ ክንፎችን ማቀያየር፣ እሱም ካልሆነ ክንፍ ላይ የሚለጠፈውን ትንሽ ማመጣጠኛ ክብደት መጠቀም ነው። ይህ ሁሉ ተሠርቶ ካልተስተካከለ ችግሩ ማንጠልጠያው ላይ ነው፤ ፋኑ ይውረድ።

ጥያቄ፦ ፋኔ እም… ይላል፣ አይዞርም። በእጄ ገፋ ሳደርገው ግን ይነሳል።

መልስ፦ ብዙ ጊዜ ካፓሲተሩ (ሞተሩን ለማስነሳት የሚረዳው ትንሽ ዕቃ) ደክሞ ነው። መጀመሪያ አጥፍተህ ክንፉን በእጅህ አዙረው። በነፃነት ከዞረ ጥፋቱ የካፓሲተሩ ነው፤ ከከበደ ወይም ከተንኳኳ ኩሽኔቱ ነው። ካፓሲተሩ ላይ የተጻፈውን ማይክሮፋራድ አይተህ ያንኑ ግዛ፣ ቮልቱ ደግሞ ከድሮው አይነስ። «ከፍ ያለ ላስገባና ይፍጠንልኝ» የሚባል ነገር የለም፣ ሞተሩን ታቃጥለዋለህ። ብሬከር ከወረደም በኋላ ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል ጫፎቹን በባዶ እጅ እንዳትነካ። እስኪቀየር ድረስ በእጅ እየገፉ መጠቀሙንም ተወው። ቆሞ የሚያጉረመርም ሞተር ይግላል።

ጥያቄ፦ የመብራት ብርሃን መቀነሻው ማዞሪያ ለፋኑ ቢሆን ምን አለበት?

መልስ፦ ለአምፖል የተሠራ መቀነሻ ለፋን አይሆንም። ሞተሩ ይጮሃል፣ ይግላል፣ መቀነሻውም ሊቃጠል ይችላል። ለፋን የተሠራውን ግዢ። ፋንሽ በሪሞት የሚሠራ ከሆነ ደግሞ ግድግዳው ላይ ተራ ማብሪያ ብቻ ይኑረው።

ጥያቄ፦ ወደ የት ነው መዞር ያለበት?

መልስ፦ ሙቀት ከሆነ ከሥሩ ቆመህ ስታየው ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ይዙር፤ አብዛኛው ፋን እንደዚያ ሲዞር ነፋሱን ወደ ታች ይልካል። ብርድ ሲሆን አቅጣጫውን በመቀየሪያው ገልብጠህ በዝግታ ብታዞረው ጣሪያ ሥር የተከማቸውን ሞቃት አየር ያወርድልሃል። መቀየሪያውን የምትነካው ፋኑ ሙሉ በሙሉ ከቆመ በኋላ ነው። ደግሞ ፋን ክፍሉን አያቀዘቅዝም፣ ሰውን ነው የሚያቀዘቅዘው። ማንም በሌለበት ክፍል አይዙር።

ጥያቄ፦ የመብራት ሂሳብ አያስፈራም?

መልስ፦ ብዙም አይደለም። የተለመደው ፋን በሙሉ ፍጥነት ከ50 እስከ 75 ዋት ይወስዳል። 75 ዋቱ ለ8 ሰዓት ቢሠራ 0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ብሩሽ አልባ ሞተር ያላቸው አዳዲሶቹ በ25 እና 35 ዋት መካከል ይሠራሉ። ዋጋቸው ወደድ ይላል፣ ሌሊቱን ሙሉ ለሚያበራ ሰው ግን ያዋጣሉ።

ጥያቄ፦ የልጆቼ ክፍል ውስጥ ተደራራቢ አልጋ አለ። ፋን ይቻላል?

መልስ፦ ከላይኛው አልጋ እጅ የሚደርስበት ከሆነ አይቻልም። ልጅ ፍራሹ ላይ ቆሞ፣ ትራስ ወርውሮ፣ ዘሎ ነው የሚጫወተው። 2.1 ሜትሩን ከወለሉ ሳይሆን ከላይኛው ፍራሽ ለኪ፤ በተለመደ ቤት አይገኝም። ወይ አልጋው ይውረድ ወይ ግድግዳ ላይ የሚታሰር፣ ወንፊት ያለው ፋን ይሁን።

ጥያቄ፦ ብቻዬን ልሰቅለው እችላለሁ?

መልስ፦ አይ፣ ሁለት ሁኑ። አንድ እጅህ ሞተሩን ይዞ በሌላው ቡሎን መፈለግ ሰውን ከመሰላል የሚጥል ሥራ ነው። ክንፎቹን መጨረሻ ላይ፣ ሞተሩ ተሰቅሎ ከታሰረ በኋላ ግጠማቸው። የአሉሚኒየም መሰላል ካለህ ለዚህ ሥራ ተወው፣ የእንጨት ወይም የፋይበር ይሁን።

ጥያቄ፦ ዘመድ ያገለገለ ፋን ሰጠኝ። ይሰቀላል?

መልስ፦ ይሰቀላል፣ ግን ቡሎኑን፣ ዳዶውንና ኮፒሊያውን አዲስ አድርጊያቸው፤ ርካሽ ነገሮች ናቸው። ከሞተሩ የሚወጣውን ሽቦ በጣትሽ አጠፍ አድርገሽ እዪ። ላስቲኩ ከተሰባበረ ሳይቀየር አይሰቀል። የተሰነጠቀ ክንፍ ካለው አታጣብቂው። ክንፍ ተመዝኖ በስብስብ ስለሚመጣ ከሌላ ፋን አንድ ክንፍ ተበድረሽ አትግጠሚ፣ ሙሉውን ስብስብ ቀይሪ።