ከፍርስራሽ ሥር በሕይወት ያለን ሰው መፈለግ፦ ጥያቄና መልስ

ሕንፃ ተደርምሶ ሰው ከሥር ሲቀር መጀመሪያ የሚወጣው መሣሪያ የትኛው ነው?

ምንም መሣሪያ አይወጣም። መጀመሪያ ጎረቤቱ፣ ጥበቃውና ባለሱቁ ይጠየቃሉ፤ በዚያ ሰዓት ስንት ሰው ነበር? የትኛው ክፍል? ደረጃው በየት በኩል ነው? አደጋው ሌሊት ከደረሰ ፍለጋው ከመኝታ ክፍሎች ይጀምራል፤ ቀን ከሆነ ከሱቁና ከቢሮው። የመብራት መስመርና ጋዝ ይዘጋል። ውሃም ይዘጋል፤ አንድም የታችኛውን ክፍተት እንዳይሞላ፣ አንድም የሚንጠባጠብ ቧንቧ በኋላ አድማጩን እንዳያሳስት። ውሻና መሣሪያ የሚገቡት ከዚህ በኋላ ነው። ራዳር ተሸክሞ ፍርስራሹን በጭፍን መዞር ቀኑን ይበላል።

የድምፅ መፈለጊያው የሚይዘው ጩኸት ነው?

ጩኸትም ይይዛል፣ ዋና ሥራው ግን ንዝረት ነው። ብዙውን ጊዜ 6 ያህል ሴንሰሮች ከአንድ ሳጥን ጋር ይያያዛሉ፤ አንድ ሰው ጆሮ ማዳመጫ አድርጎ እያንዳንዱን በየተራ ይሰማል። ሴንሰሩ ሶሌታ፣ ኮለን ወይም ቧንቧ ላይ ይቀመጣል። አቧራ ወይም የላላ ብሎኬት ላይ ካረፈ ዋጋ የለውም፤ ንዝረት የሚጓዘው በተያያዘ ጠንካራ ነገር ውስጥ ነውና።

ከዚያ ጸጥታ ይታወጃል። ዓለም አቀፍ የነፍስ አድን ቡድኖች የሚጠቀሙበት ምልክት 3 ሰከንድ የሚረዝም አንድ ድምፅ ነው፤ ፊሽካ ወይም የመኪና ክላክስ ይበቃል። ኤክስካቫተሩ ይቆማል፣ ጀነሬተሩ ይጠፋል፣ ፍርስራሹ ላይ ያለ ሁሉ ባለበት ቀጥ ይላል። አንድ ሰው «የሚሰማኝ ካለ 5 ጊዜ ይምታ!» ብሎ ይጣራል፤ ወይም ራሱ ኮለኑን በመዶሻ 5 ጊዜ ይመታል። ከዚያ ዝም ብሎ መስማት ነው። መልስ የመሰለ ነገር ከተሰማ «አሁን 3 ጊዜ» ይባላል። ቁጥሩን አስተካክሎ የሚመልስ ሰው ብቻ ነው፤ ውሃ ጠብታና ንፋስ የሚወዛውዘው ቆርቆሮ አይቆጥሩም።

በመጨረሻ ድምፁ የጎላባቸው ሁለቱ ሴንሰሮች ባሉበት ይቀራሉ፣ ሌሎቹ ወደ እነሱ ተጠግተው ይደረደራሉ፣ ማዳመጡም ይደገማል። እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ስህተት ይሠራል፦ የጎላው ድምፅ የግድ የቀረበው አይደለም። ያልተሰበረ ኮለን ወይም ረጅም ቧንቧ ድምፁን ሩቅ ወስዶ ያወጣዋል፤ የተሰነጠቀ ሶሌታ ደግሞ ከጎን ያለውን ሰው ይደብቃል። ከመቆፈር በፊት ሴንሰሮቹን አንዴ ቦታ ለዋውጦ ማዳመጥ ተገቢ ነው።

ራሱን የሳተ ሰውና ሕፃን ግን አይመቱም፣ አይጣሩም። የዚህ መሣሪያ ትልቁ ድክመት ይኸው ነው።

ራዳር የልብ ምት ያገኛል የሚባለውስ?

እውነት ነው። የናሳ ጄት ፕሮፐልሽን ላቦራቶሪ ከአሜሪካ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ጋር የሠራው «ፋይንደር» ደካማ ማይክሮዌቭ ይልክና ተመልሶ የሚመጣውን ያነባል። እስትንፋስ ደረትን በሚሊሜትሮች ያንቀሳቅሳል፤ የልብ ምት እንቅስቃሴ ከዚያም ያንሳል። መሣሪያው የሚለየው ይህንን ድግግሞሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከኔፓል የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ቻውታራ በተባለች ከተማ ከሁለት የፈረሱ ሕንፃዎች ሥር 4 ወንዶች በሕይወት እንዲወጡ ረድቷል፤ 3 ሜትር ያህል ፍርስራሽ ነበር የተጫናቸው።

የሚሳሳተው በሁለት ነገር ነው። አንደኛው ብረትና ውሃ ነው፤ ቆርቆሮ ሞገዱን መልሶ ይወረውረዋል፣ ፌሮው የጠበቀ ሶሌታ ያዳክመዋል፣ የራሰ አፈር ይውጠዋል። ሁለተኛው በዙሪያው የቆመው ሰው ነው። ፍተሻ ሲካሄድ አጠገቡ ቆሞ ማየት የሚወድ ሁሉ ራሱ «የተገኘ ሰው» ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል! ሁሉም ይርቃል፣ ፍተሻውም ከሌላ ጎን ይደገማል። «ምንም የለም» የሚል ውጤት ደግሞ ሰው የለም ማለት አይደለም።

የሙቀት ካሜራ በድሮን ብናበርርስ?

ከአርማታ ሥር ያለ ሰው አይታይም። ካሜራው የሚያየው የላይኛውን ገጽ ሙቀት ብቻ ነው፤ መስታወት እንኳ ይጋርደዋል። ማታ ፍርስራሽ ላይ የወደቀ ወይም ከፊሉ የተቀበረ ሰው ለማግኘት ግን ይጠቅማል፤ ቀን ፀሐይ ያሞቀው ድንጋይ ሁሉ ሰው ይመስላል።

ውሻ በመሣሪያ ተተክቷል?

አልተተካም፤ ሰፊ የፍለጋ ቦታን በፍጥነት የሚያጠብብ ከሱ የተሻለ የለም። ነገር ግን ሽታ የሚወጣው ስንጥቅ ባለበት ነው፣ ሰውየው ካለበት በላይ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ውሻ ምልክት ሲሰጥ የመጀመሪያውን ያላየ ሌላ ውሻ ይላካል፤ ከዚያ በድምፅ ወይም በራዳር ቦታው ይጠብባል።

እነዚህ መሣሪያዎች በጎፋ ናዳ ጊዜ ቢኖሩ ኖሮ ብዙ ሰው ይተርፍ ነበር?

በገዜ ጎፋ ወረዳ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. የወረደው የራሰ አፈር ነው። የፈረሰ ሕንፃ በሶሌታና በኮለን መካከል ክፍተት ይተዋል፤ ሰው የሚተርፈውም እዚያ ነው። ጭቃ ግን ክፍተቱን ይሞላል፣ ንዝረትን ያፍናል፣ የራዳሩንም ሞገድ ይውጣል። መሣሪያ ቢኖር ኖሮ ጥቅሙ ትንሽ ነበር።

ልዩነት ሊያመጣ የሚችለው ተራራውን ብቻ የሚመለከት ሰው ማቆም ነው። ለእርዳታ ከሮጡት ብዙዎቹ ያለቁት ተከትሎ በወረደው ናዳ ነው። ዘቡ ከቆፋሪዎቹ ውጪ ይቆማል፣ ዶማና አካፋ አይነካም። አዲስ ስንጥቅ፣ የሚንከባለል ድንጋይ ወይም በድንገት የደፈረሰ ምንጭ ካየ 3 አጫጭር ፊሽካ ይነፋል፤ ትርጉሙ ሁሉንም ጥላችሁ ውጡ ነው። የማምለጫው መንገድ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት ለሁሉም ይነገራል፤ ወደ ቁልቁል ሳይሆን ወደ ጎን።

ከ72 ሰዓት በኋላ ፍለጋ ይቁም?

አይቁም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 በቱርክ ከ10 ቀን በላይ ቆይተው በሕይወት የወጡ አሉ።

ሰው ከተገኘ በኋላ ኤክስካቫተር ማስገባት ይቻላል?

በአጠገቡ አይቻልም። ከጎን በኩል ጠባብ ቀዳዳ ተበስቶ ዘንግ ላይ የተሰካ ካሜራ ይገባል፤ ከራሱ በላይ መብሳት ፍርስራሹን ይጥልበታል። በካሜራው የሚታየው የሰውየው እግር ወይም እጅ ተጭኖ እንደሆነ ነው። ለሰዓታት የተጫነ ጡንቻ ሲለቀቅ ፖታስየምና ሌሎች የተጠራቀሙ ነገሮች ወደ ደም ይገባሉ፤ ልብ ሊያቆሙ፣ ኩላሊት ሊጎዱ ይችላሉ። እስከዚያ ሲያወራ የነበረ ሰው ጭነቱ በተነሣ በደቂቃዎች ውስጥ የሚሞተው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ሐኪም ካለ ግሉኮስ ያልሆነ፣ ፖታስየም የሌለው የጨው ፈሳሽ በደም ሥሩ ይጀመርለታል፤ ሶሌታው የሚነሣው ከዚያ በኋላ ነው።

ከሥር የተያዘው ሰው ራሱስ ምን ያድርግ?

አፍና አፍንጫውን በጨርቅ ይሸፍን፣ ክብሪት አይጫር። ያለማቋረጥ አይጩህ፤ አቧራ ይውጣል፣ ጉልበቱም ያልቃል። በእጁ ድንጋይ ከገባ ቧንቧ ወይም ግድግዳ 3 ጊዜ ይምታ፣ ዝም ይበል፣ ያዳምጥ፣ ይድገም። በተለይ ከላይ የማሽኑ ድምፅ ድንገት ጸጥ ሲል ይምታ፤ ያኔ እያዳመጡት ነው።